ካሜራችሁን ሌላ ሰው እንዳያየው፦ ከራውተሩ እስከ ግድግዳው ገመድ

«ካሜራዬን ሌላ ሰው እያየው ቢሆንስ?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። አንዱ ካሜራው በራሱ ሲዞር አይቶ ደንግጧል። ሌላው ካሜራውን ከገጠመለት ሰው (ከገጣሚው) ጋር ተጣልቶ ነው። ሦስተኛው ምንም ሳያይ እንዲሁ ውስጡ አላምን ብሎት ነው የሚጠይቀኝ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት ሁሉንም በቅደም ተከተል ጽፌ ማስቀመጥ ይሻላል ብያለሁ።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ያዙ። ካሜራ ውስጥ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በር አይሰብርም፤ ክፍት የተተወ በር ነው የሚያገኘው። ያልተቀየረ የፋብሪካ ፓስወርድ፣ ራውተሩ ላይ የተከፈተ ፖርት (ከኢንተርኔት የሚገባበት ባለቁጥር መግቢያ)፣ ገጣሚው ስልክ ላይ የቀረ አካውንት። ሥራችን እነዚህን በሮች ፈልጎ መዝጋት ነው።

መመሪያው ለዋይፋይ ካሜራም፣ በኔትወርክ ገመድ ከኤንቪአር (የካሜራዎቹን ምስል ከሚቀዳው ሳጥን) ጋር ለተያያዘም ይሆናል። ካሜራዎቻችሁ በኮአክሲያል (የቴሌቪዥን አንቴና ዓይነት) ገመድ ከዲቪአር ከሚባለው መቅጃ ሳጥን ጋር የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ኔትወርክ ላይ ያለው ዲቪአሩ ብቻ ነው። ስለዚህ «ካሜራው ላይ» ያልኩትን ሁሉ እናንተ ዲቪአሩ ላይ አድርጉት። የሜኑዎቹ ስም ከመሣሪያ መሣሪያ ትንሽ ይለያያል፤ በዚህ አትደናገሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከራውተሩ ጋር በገመድ የተያያዘ ኮምፒውተር። አብዛኛው ሥራ በስልክም ይሆናል። ፈርምዌር (የካሜራው የውስጥ ሶፍትዌር) ሲጫን ዋይፋይ መሃል ላይ ቢቋረጥ ግን ጣጣ ነው።
- የራውተሩ አድሚን ፓስወርድ። ይህ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ነው። ብዙ ጊዜ ራውተሩ ሥር ተለጥፎ ይገኛል።
- የእያንዳንዱ ካሜራና የኤንቪአሩ አድሚን ፓስወርድ።
- ፍላሽ ዲስክ።
- ሞባይል ዳታ ያለው ስልክ፤ መጨረሻ ላይ ከውጭ ሆነን ለመፈተሽ።
- ወረቀትና እስክሪብቶ።
- ሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ። ካሜራው መሃል ላይ ጠፍቶ ስለሚበራ ለዚያ የሚመች ሰዓት ምረጡ።

አድሚን ፓስወርዱን የማያውቅ ሰው ሪሴት ማድረግ (መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መመለስ) ሊኖርበት ነው። ሪሴት ቅንብሩን ሁሉ ያጠፋል። ስለዚህ የምትፈልጉትን ቅጂ አስቀድማችሁ ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ የቅንብር ገጾቹንም ፎቶ አንሱ።

1. ያላችሁን ቁጠሩ

ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ክፈቱ። የእያንዳንዱን ካሜራ ሞዴል፣ ሴሪያል ቁጥር፣ አይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር) እና ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን መለያ) ወረቀት ላይ ጻፉ። ያላወቃችሁት መሣሪያ ካለ ምን እንደሆነ ሳታጣሩ አትለፉት።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ሰው አራት ካሜራ አስታውሶ አምስተኛውን ይረሳል። በጓሮ በኩል ያለው፣ ማንም የማያየው። የፋብሪካ ፓስወርዱ ሳይቀየር ዓመታት የሚቆየው እሱ ነው። አንዱ ብቻ ክፍት ከሆነ ደግሞ በእሱ የገባ ሰው ከሌሎቹ ጋር አንድ ኔትወርክ ላይ ነው።

እግረ መንገዳችሁን ለእያንዳንዱ ካሜራ ቋሚ አይፒ አድራሻ ስጡት። በኋላ የምንጽፈው ክልከላ አድራሻው በተቀየረ ቁጥር እንዳይፈርስ ነው።

2. ራውተሩ ላይ ያለውን የውጭ በር ዝጉ

ይህን ደረጃ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

ራውተር በተለምዶው ከውጭ የሚመጣ ጥያቄን አያስገባም። ፖርት ፎርዋርዲንግ ግን «በዚህ ቁጥር የመጣውን ሁሉ ወደ ካሜራው ምራው» የሚል ቋሚ ትእዛዝ ነው። ገጣሚው ከስልካችሁ እንድታዩ ብሎ ያደረገው ይሆናል። ክፋቱ ትእዛዙ እናንተን ከሌላው አይለይም። ኢንተርኔትን ቀን ከሌት እያሰሱ ክፍት ፖርት የሚለቅሙ ፕሮግራሞች አሉ። የእናንተን ለማግኘት ማንነታችሁን ማወቅ አያስፈልጋቸውም።

ሀ) ፖርት ፎርዋርዲንግ ወይም ቨርቹዋል ሰርቨር የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ወደ ካሜራ ወይም ወደ ኤንቪአር የሚሄድ መስመር ካለ ሰርዙ። ብዙ ጊዜ የምታገኟቸው ቁጥሮች 80፣ 443፣ 554፣ 8000፣ 34567 እና 37777 ናቸው።

ለ) ዲኤምዜድ የሚለውን እዩ። እዚያ የኤንቪአሩ አድራሻ ከተጻፈ አጥፉት። ይህ አንድ በር ከመክፈትም የባሰ ነው፤ መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ ደጅ ማውጣት ነው።

ሐ) ዩፒኤንፒ የሚለውን ራውተሩም ላይ፣ ካሜራውም ላይ አጥፉ። ዩፒኤንፒ ካሜራው ራሱ ራውተሩን «ፖርት ክፈትልኝ» ብሎ እንዲያዝ ይፈቅድለታል። እናንተ የሰረዛችሁትን መስመር በማግስቱ መልሶ ሊያስገባው ይችላል። «ሰረዝኩት፣ ተመልሶ መጣ» የሚሉኝ ሰዎች ችግር በአብዛኛው ይኸው ነው።

መ) ራውተሩን ከውጭ ሆኖ ማስተዳደር የሚያስችለውን አማራጭ አጥፉ። ራውተሩ አይፒ ቪ6 (አዲሱን የአይፒ አድራሻ ዓይነት) የሚጠቀም ከሆነ ፋየርዎሉ (ከውጭ የሚመጣውን የሚያግደው መከላከያ) ለእሱም መብራቱን አረጋግጡ።

የተለመደ ስህተት፦ ፖርቱን ከ8000 ወደ 18999 ቀይሮ «አሁን አያገኙትም» ማለት። ያሉት ፖርቶች ጠቅላላ 65,535 ናቸው፤ ለፕሮግራም ሁሉንም መሞከር እዳው ገብስ ነው።

ከዚህ በኋላ ከስልካችሁ ማየት ቢያቅታችሁ አትደንግጡ። በ6ኛው ደረጃ እንመልሰዋለን።

3. ፈርምዌሩን አድሱ

ፓስወርዱን ከመቀየር በፊት ይህን የምናስቀድመው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አንዳንድ እድሳት ቅንብሩን ወደ ፋብሪካው ይመልሰዋልና ድካማችሁን ውሃ ይበላዋል። ሁለተኛ፣ ያረጀ ፈርምዌር ላይ ፓስወርድ ጭራሽ የማይጠይቅ ቀዳዳ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በብዙ የሂክቪዥን ሞዴሎች ላይ ይፋ የሆነው ቀዳዳ እንዲህ ዓይነት ነበር። ካሜራውን በኔትወርክ ማግኘት የቻለ ሰው ስምም ፓስወርድም ሳይኖረው ሊቆጣጠረው ይችል ነበር። መፍትሔው የታደሰ ፈርምዌር መጫን ነው።

መጀመሪያ አሁን ያለውን ቅንብር ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ የሞዴሉን ሙሉ ስም ካሜራው ላይ ካለው ጽሑፍ አንብባችሁ ፈርምዌሩን ከአምራቹ ገጽ ወይም ከራሱ አፕ ብቻ አውርዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሌላ ሞዴል ፈርምዌር ብትጭኑ ካሜራው ከነጭራሹ ላይነሳ ይችላል። ስሙ በአንድ ፊደል ብቻ ቢለይም አይሆንም። እየተጫነ ሳለም መብራት መቋረጥ የለበትም። የመብራቱ ነገር የሚያሰጋችሁ ከሆነ ካሜራውንም ራውተሩንም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ አድርጉ።

አምራቹ ለዚያ ሞዴል እድሳት ማውጣት ካቆመ ካሜራውን ለመጣል አትቸኩሉ። 8ኛው ደረጃ ግን ለእናንተ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው።

4. ፓስወርዶቹን ቀይሩ፣ በየካሜራው

ብዙ ሰው የኤንቪአሩን ፓስወርድ ቀይሮ ጨረስኩ ይላል። ካሜራዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አድሚን ፓስወርድ አላቸው። ኤንቪአሩ በር ቢሆን እነሱ መስኮቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የተቆጣጠረው 60 ገደማ የታወቁ የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን እየሞከረ ነው። ሌላ ጥበብ አላስፈለገውም።

ፓስወርዱ ቢያንስ 12 ፊደል ይሁን። ብዙ ካሜራዎች ከ16 በላይ አይቀበሉም፤ የግዕዝ ፊደልም አይቀበሉም። የማይገናኙ ሦስት አጫጭር የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል መጻፍ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለምሳሌ ጫማ፣ ደመና፣ ሐሙስ። (እነዚህን ግን አትጠቀሙ፤ እዚህ ተጽፈዋል።) የስልክ ቁጥር፣ የልጅ ስም፣ የልደት ዓመት አይሁን።

አንዳንድ የቆዩ ካሜራዎች የተረፈውን ፊደል ሳይናገሩ ይቆርጡታል። ለማወቅ፣ ከቀየራችሁ በኋላ የመጨረሻዋን ፊደል ትታችሁ ለመግባት ሞክሩ። ከገባችሁ ተቆርጧል ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚቀበለውን ልክ አውቃችሁ በዚያው ልክ ሌላ ምረጡ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ደርሰናል። የካሜራውን ፓስወርድ እንደቀየራችሁ ኤንቪአሩ ላይ ምስሉ ይጠፋል። ኤንቪአሩ አሮጌውን ፓስወርድ እየደጋገመ ይሞክራል። ካሜራው ደግሞ «ሌባ መጣ» ብሎ ለጥቂት ጊዜ ይቆልፈዋል። ከዚያ ትክክለኛውን ብታስገቡም አይቀበልም፣ ሰውም ተበላሸ ብሎ ይደውላል። እንዲህ አድርጉ፦

ሀ) ኤንቪአሩ ላይ ያንን ካሜራ ለጊዜው ከዝርዝሩ አውጡት ወይም ግንኙነቱን አጥፉት።
ለ) ካሜራው ውስጥ በቀጥታ ገብታችሁ ፓስወርዱን ቀይሩ።
ሐ) ወደ ኤንቪአሩ ተመልሳችሁ ካሜራውን በአዲሱ ፓስወርድ አስገቡት።
መ) ምስሉ መምጣቱን አይታችሁ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትጀምሩ።

ቀድሞውኑ ከተቆለፈባችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ፤ ወይም የካሜራውን ኃይል አጥፍታችሁ አብሩት። ብዙዎቹ ላይ በዚህ ይለቃል።

ፓስወርድ ሲጠፋ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ካሉ እውነተኛ መልስ አትስጡ። የተወለዳችሁበትን ከተማ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። መመለሻው ኢሜይልም የእናንተ እንጂ የገጣሚው አይሁን። የራውተሩን አድሚን ፓስወርድና የዋይፋዩንም አሁኑኑ ቀይሩ። የዋይፋዩ ማመስጠሪያ ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 ላይ ይሁን፤ ደብሊውፒኤስ የሚባለውን (የዋይፋዩን ፓስወርድ ሳይጠይቅ በአዝራር ወይም በአጭር ቁጥር የሚያገናኘውን) አቋራጭ አጥፉት።

5. ማን ማን መግቢያ እንዳለው አጣሩ

ካሜራውና ኤንቪአሩ ውስጥ የተጠቃሚዎች ዝርዝር አለ። የማታውቁትን ስም ሰርዙ። ለቤተሰብ ወይም ለጥበቃ ሠራተኛ ማየት ብቻ የሚችል አካውንት ክፈቱላቸው፤ አድሚኑን ለማንም አታውሱ። የአንዱ ስልክ ቢጠፋ የእሱን ብቻ ትሰርዛላችሁ፣ ሌላው አይነካም።

ከዚህ የሚከብደው የአፑ ጉዳይ ነው። አንድ ወዳጄ ከገጣሚው ጋር ተቀያየመና ካሜራውን ሦስት ጊዜ ሪሴት አደረገው። ገጣሚው ስልክ ላይ ግን ካሜራው ያው ተመዝግቦ ተቀምጧል። ወዳጄ በራሱ አፕ ሊያስገባው ሲል «ይህ መሣሪያ በሌላ አካውንት ተይዟል» ይለዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የባለቤትነቱ መዝገብ ያለው በአምራቹ ሰርቨር ላይ፣ በሴሪያል ቁጥሩ ነው። ሪሴት የሚነካው በእጃችሁ ያለውን ዕቃ ብቻ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ገጣሚው ከአካውንቱ እንዲሰርዘው ማድረግ፣ ቢቻል እያያችሁ። እንቢ ካለ ወይም ካልተገኘ የግዢ ደረሰኝና የሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ ይዛችሁ የአምራቹን የደንበኞች አገልግሎት እንዲለቁላችሁ መጠየቅ። አዲስ የምታስገጥሙ ሰዎች ደግሞ ከመጀመሪያው በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ ኢሜይል ይመዝገብ። «እኔ ጋ ይሁን፣ ችግር ሲኖር እንድረዳችሁ» ቢላችሁ በትህትና እንቢ በሉት።

ካሜራው በእናንተ ስም ከሆነ በኋላ አፑ ውስጥ «የተጋራላቸው» የሚለውን ዝርዝር አጽዱ፤ ከሌሎች ስልኮች ሁሉ አስወጡ፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ በተጨማሪ ኮድ የሚጠይቀውን) አብሩ። አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይል ላይም እንዲሁ። ኢሜይሉን የያዘ ሰው «ፓስወርድ ረሳሁ» ብሎ የካሜራውን ይቀይራል።

6. ከውጭ ሆኖ ማየትን በደህናው መንገድ መልሱ

ከውጭ ማየት የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ይህን ዝለሉት፤ ካሜራው ላይ ፒቱፒ ወይም ክላውድ የሚለውንም (በአምራቹ ሰርቨር በኩል የሚያገናኘውን) አጥፉ። የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ራውተሩ ላይ የራሳችሁን ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቤታችሁ ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) ማቋቋም ነው፤ ዋየርጋርድ ወይም ኦፕንቪፒኤን። ስልካችሁ ቪፒኤኑን ሲያበራ ቤት ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል፣ ካሜራው ግን ደጅ አይወጣም። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ልብ አድርጉ፣ አገር ለመቀየር የሚወርደው የቪፒኤን አፕ ይህን ሥራ አይሠራም። ስሙ ብቻ ነው አንድ። ራውተሩ ከውጭ የተሰጠው አድራሻ በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ አቅራቢው አድራሻውን ለብዙ ደንበኛ እያጋራው ስለሆነ ይህ መንገድ በቀጥታ አይሠራላችሁም።

ሁለተኛው የአምራቹ የክላውድ አፕ ነው። ፖርት አያስከፍትም፤ በምትኩ የአምራቹን ሰርቨር ታምናላችሁ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ሳይኖር አትጠቀሙበት። የምስል ማመስጠሪያ አማራጭ ካለው አብሩትና ኮዱን ተለጥፎ ከመጣው ወደ ራሳችሁ ቀይሩ። ካሜራው ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ሸፍኑት፤ «ይሄ ካሜራ እንዴት ነው?» ብላችሁ ፎቶውን የትም አትለጥፉ።

7. የማትጠቀሙበትን አገልግሎት አጥፉ

ካሜራው የኔትወርክ ገጽ ላይ ቴልኔት፣ ኤስኤስኤች፣ ኤፍቲፒ፣ ኤስኤንኤምፒ የሚሉ (ከርቀት ለማስተዳደርና ፋይል ለማስተላለፍ የሚሆኑ) አገልግሎቶች ካሉ አጥፉ። ኦንቪፍን (የተለያዩ ብራንዶች የሚግባቡበትን መንገድ) ሌላ ብራንድ ኤንቪአር ካልፈለገው አጥፉ። ኤችቲቲፒን ወደ ኤችቲቲፒኤስ (ወደተመሰጠረው) ቀይሩ። አርቲኤስፒ (የቪዲዮው ምስል የሚተላለፍበት መንገድ) ያለ ፓስወርድ እንዳይከፈት አድርጉ። አንዱን አጥፍታችሁ ምስሉ ከጠፋ መልሱት፤ ለዚህ ነው አንድ በአንድ የሚሠራው።

8. ካሜራዎቹን ለብቻቸው ኔትወርክ ላይ አድርጉ

ካሜራው ቢጠለፍ እንኳ ወደ ኮምፒውተራችሁ እንዳይሻገር ነው። ቀላሉ መንገድ የእንግዳ ዋይፋይ ከፍቶ ካሜራዎቹን እዚያ ማገናኘት ነው። ስዊቻችሁ (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚሰኩበት ሳጥን) የሚፈቅድ ከሆነ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ በቅንብር ከፋፍሎ መለየት) ይሻላል። ካሜራዎቹ ኤንቪአሩ ጀርባ ባሉት ፒኦኢ ፖርቶች (በአንድ ገመድ ኃይልም ዳታም በሚሰጡት መሰኪያዎች) ላይ በቀጥታ ከተሰኩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀድሞውኑ ተለይተዋል።

ከዚያ ራውተሩ ላይ የካሜራዎቹን አይፒ ከኢንተርኔት ከልክሉ። ኤንቪአር ወይም ቪፒኤን የምትጠቀሙ ከሆነ ካሜራው ራሱ ወደ ውጭ የሚወጣበት ምክንያት የለውም። በክላውድ አፕ ብቻ የሚሠራ የዋይፋይ ካሜራ ግን ከተከለከለ ከውጭ አይታይም፤ እሱን በእንግዳ ዋይፋዩ ላይ ብቻ ተዉት። አፕ ከቤት ውስጥ «መሣሪያው አልተገኘም» ቢላችሁ ስልካችሁ በሌላኛው ዋይፋይ ላይ ስለሆነ ነው።

9. ገመዱንና ሳጥኑን አትርሱ

ውጭ ግድግዳ ላይ በእጅ የሚደረስ የኔትወርክ ገመድ ካለ ካሜራውን ነቅሎ ላፕቶፕ መሰካት ይቻላል። ማያያዣውን ሳጥን ውስጥ አስገቡ፣ ገመዱን በቱቦ አሳልፉ። ሪሴት ቁልፉና ሚሞሪ ካርዱ በቀላሉ የማይደረስበት ከፍታ ላይ ይሁኑ። ኤንቪአሩን ቆልፉበት፤ ሌባ ከገባ ማስረጃውን ይዞ ነው የሚሄደው።

10. ከውጭ ሆናችሁ ፈትሹ

የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ላይ ሁኑ። ራውተሩ ከውጭ የተሰጠውን አይፒ አድራሻ ብራውዘር ላይ ጻፉ፤ ከኋላው ሁለት ነጥብ አድርጋችሁ 80፣ ከዚያ 8000 እያላችሁ 2ኛው ደረጃ ላይ ያገኛችኋቸውን ቁጥሮች ሞክሩ። ምንም መከፈት የለበትም። የመግቢያ ገጽ ከመጣ የቀረ በር አለና ወደ 2ኛው ደረጃ ተመለሱ።

የካሜራው ሰዓት ትክክል መሆኑንም እዩ። ሎጉ (ማን መቼ እንደገባ የሚይዘው መዝገብ) ላይ «ሌሊት 9 ሰዓት ገባ» የሚለው ጽሑፍ ሰዓቱ ከተዛባ አይጠቅማችሁም። በወር አንዴ ሎጉን አንብቡ፣ አዲስ ፈርምዌር መውጣቱንም ጠይቁ።

ሰው የገባ ከመሰላችሁ

መጀመሪያ ተረጋጉ። የሚዞር ካሜራ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ራሱን ለማስተካከል ይዞራል። እንቅስቃሴ የሚከተልበት አማራጭ በርቶ ከሆነም ድመት ስታልፍ ይዞራል። ከካሜራው የማታውቁት ድምፅ መውጣቱ፣ ያልፈጠራችሁት ተጠቃሚ መገኘቱ፣ ሎጉ ላይ እንግዳ አድራሻ መኖሩ፣ ፓስወርዱ ሳትቀይሩት መቀየሩ ግን ቀልድ አይደሉም።

ያን ጊዜ የኢንተርኔቱን ገመድ ከራውተሩ ንቀሉ እንጂ ካሜራውን አታጥፉ። አንዳንዱ ሎግ ኃይል ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሎጉንና የተጠቃሚ ዝርዝሩን ፎቶ አንሱ። ማስረጃውን ከያዛችሁ በኋላ ሪሴት አድርጉና ከ2ኛው ደረጃ ጀምሩ። የድሮውን የቅንብር ፋይል መልሳችሁ አትጫኑ፤ የገባው ሰው የፈጠረው አካውንት አብሮ ይመለሳል። ያንን ፓስወርድ ሌላ ቦታም ተጠቅማችሁበት ከሆነ እዚያም ቀይሩ።

ካሜራውን ስትሸጡ ወይም ስትሰጡ

ከአፑ ሰርዙት፣ ከዚያ ሪሴት አድርጉት፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሚሞሪ ካርዱን አውጥታችሁ አስቀሩት። ኤንቪአር ከሆነ ሃርድ ዲስኩን ፈትታችሁ ያዙ። ፎርማት የተደረገ ዲስክ ላይ ያለ ቪዲዮ በማገገሚያ ፕሮግራም ሊመለስ ስለሚችል ዲስኩን አብራችሁ ባትሰጡ ይሻላል።